በጥላ የተሳለ ቤት

ከአክሱም ሐውልቶች ሥር የቆመ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህን ድንጋይ እንዴት አቆሙት?» መልሱ ደግሞ ሞልቷል። በታቦተ ጽዮን ኃይል ተነሣ የሚሉ አባቶች አሉ። ዝሆን ጎተተው የሚልም አይጠፋም። መሐንዲስ ሲጠየቅ የአፈር መወጣጫ፣ የግንድ መንከባለያ፣ ገመድና የብዙ ሰው ጉልበት ይላል። ክርክሩ ሲሞቅ ሰዓቱ ይሄዳል፤ ጎብኚው ሜትሩንና ቶኑን ሰምቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። የሐውልቱን ፊት ግን በቅጡ ሳያየው ነው የሚመለሰው።

ጥያቄው መጥፎ ነው አልልም። ቁጥሩም ቢሆን ያስደነግጣል። ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱ ወደ 520 ቶን ይገመታል። የሰው ልጅ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ጠርቦ ሊያቆማቸው ከተነሣባቸው ነገሮች በዓለም ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ይሁንና ክብደት የጉልበትና የትእዛዝ ጉዳይ ነው። ብዙ ሕዝብ ያለው ንጉሥ ከባድ ነገር ማስጎተት ይችላል፤ ብዙ ሕዝብ ስላለው ብቻ ግን ቀጥ ያለ መስመር አይወጣለትም። መስመሩን የሚያወጣው መሮ የያዘ አንድ ሰው ነው፤ ከአጠገቡም ሌላ አንድ ሰው።

እኔን የሚይዘኝ እንግዲህ የድንጋዩ ክብደት ሳይሆን የመሮው ጥልቀት ነው። ያን ያህል ግዙፍ ድንጋይ ላይ ቀራጩ ወደ ውስጥ የገባው እጅግ ጥቂት ነው። ከሩቅ የሚታየው ግን ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረበ፣ በርና መስኮት ያለው፣ ወለሉ የሚቆጠር ሕንፃ ነው። በዚህች ትንሽ ጥልቀት ይህን ሁሉ እንዴት አሳዩት የሚለውን ነው ማየት የምፈልገው።

ሳይወድቅ እስከ ዛሬ ከቆመው፣ በንጉሥ ኢዛና ስም ከሚጠራው ሐውልት እንጀምር። ቁመቱ 21 ሜትር ያህል ነው። ከታች በር አለው። መቃኑም ጉበኑም እንደ እንጨት ሥራ ተለይተው ወጥተዋል፤ የመዝጊያው ቁልፍ ሳይቀር ተቀርጿል። ይህ በር የሚከፈት አይደለም፤ ከጀርባውም ክፍል የለም። ሆኖም ቁልፉን የቀረጸው ሰው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ፣ በየቀኑ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ለይምሰል ቢሆን ኖሮ አራት መስመር አስምሮ በር ነው ባለ ነበር።

ከበሩ በላይ ግንባሩን አግድም የሚያቋርጥ የክብ ጉጦች ረድፍ ይመጣል። የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከረድፉ በላይ መስኮቶች፣ ከመስኮቶቹ በላይ ሌላ የጉጥ ረድፍ፣ ከዚያ ደግሞ መስኮት፤ እንዲህ እየተደራረበ እስከ ጫፉ ይሄዳል። ፊቱ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ አለመሆኑንም ልብ ይሏል። መካከሉ ገባ ብሎ፣ ግራና ቀኙ ወጣ ብሎ ከታች እስከ ላይ ይዘልቃል። አግድሙ ፎቁን ይቆጥራል፤ ቀጥ ያለው ዕይታን ወደ ላይ ይስባል። ድንጋዩ ራሱ ወደ ላይ ሲወጣ ጥቂት በጥቂት እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ቀራጩ የአንዱን ፎቅ መስኮት ልክ ወስዶ በላይኛው ላይ መገልበጥ አይችልም። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ልኩን እንደገና ማውጣት፣ ክፍተቱን እንደገና ማካፈል ነበረበት። ይህን አሰልቺ ሥራ ሠርቶታል፤ ከታች የሚያየው ሰው ግን አንዳች ነገር እንደተቀየረ አይታወቀውም።

የጉጦቹን ክብነትና የመስኮቶቹን ማዕዘን ያስተያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛል። የግድግዳው ጉጦች ክብ ናቸው። በየመስኮቱና በየበሩ ክፈፍ አራት ማዕዘን ላይ ወጣ ወጣ ያሉት ግን ባለ አራት ማዕዘን ናቸው። ይህ ልዩነት ለማስዋብ የመጣ አይደለም፤ የአናጢ ሥራ ልዩነት ነው።

የአክሱም ዘመን ግንበኛ ግድግዳውን ያልተጠረበ ድንጋይ በጭቃ እያያዘ ነበር የሚሠራው። ጭቃ ብቻውን ከፍታን አይችልም፤ ግድግዳው ከፍ ሲል ሆዱን ይነፋል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ስለዚህ ግንበኛው ጥቂት እንዳነሣ በግድግዳው ርዝመት በውስጥና በውጭ በኩል ረጅም ጠርብ ያጋድማል፤ በጠርቦቹም ላይ ግድግዳውን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያቋርጡ አጫጭር ግንዶች ያሳልፋል። አጭሩ ግንድ ሁለቱን ረጃጅም ጠርቦች ነክሶ ይይዛቸዋል፤ ጫፉም ከግድግዳው ወጣ ብሎ ይቀራል። ክቡ ጉጥ ያ ነው። ግንዱ እንዳይሾልክ ጫፉ ሳይቆረጥ ተተወ፤ ሳይቆረጥ በመቅረቱ ጌጥ ሆነ። የበርና የመስኮት ክፈፍ ግን የሚሠራው ከተጠረበ፣ ማዕዘኑ ከወጣለት እንጨት ነው፤ ስለዚህ ጫፉ ባለ አራት ማዕዘን ነው። ሐውልቱን የቀረጸው ሰው ይህን ሥርዓት አልደባለቀም። ከምድር ብዙ ሜትር ርቆ፣ ማንም ቀርቦ በማያይበት ላይኛው ፎቅ እንኳ፣ ግድግዳው የግድግዳውን፣ ክፈፉም የክፈፉን ጫፍ ይዟል።

እነዚያ የእንጨትና የድንጋይ ቤቶች በአክሱም ዛሬ የሉም። ፍራንሲስ አንፍሬ የተባለው ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቆፍሮ ያወጣውን፣ ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት የሚለውን ዱንጉርን ሄደን ብናይ የምናገኘው መሠረቱንና የግድግዳውን ታችኛ ክፍል ነው። ግንቡ በመሠረቱ ላይ ወጣ ገባ እያለ፣ እርከን በእርከን እየጠበበ ሲነሣ ይታያል፤ እንጨቱ ግን በስብሷል ወይም ተቃጥሏል። ጉጦቹን በእንጨትነታቸው ማየት የፈለገ ሰው ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም መውጣት አለበት፤ ያውም ወንድ ከሆነ፣ ገመድ ይዞ ገደሉን መውጣት ካላስፈራው። በዚያ አምባ ላይ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ጠርቡንም ክብ ጉጡንም ይዞ ቆሟል። ከላሊበላ ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ ጠርቡንና በኖራ የተለሰነውን ነጭ ግድግዳ ንብርብር አድርጎ ያሳያል። ላሊበላ ከተማ ውስጥ ቤተ አማኑኤል ላይ ያው ንብርብር እንደገና ወደ ድንጋይ ተመልሷል። እንጨት ወደ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ተመልሶ ወደ እንጨት፣ ከዚያም እንደገና ወደ ድንጋይ፤ የአንድ ግድግዳ አሠራር ሺህ ዓመት ያህል ከአናጢ ወደ ቀራጭ ሲመላለስ ኖሯል።

በ1906 (እ.ኤ.አ.) በኤኖ ሊትማን መሪነት አክሱም የገባው የጀርመን የጥናት ቡድን ውስጥ ዳንኤል ክሬንከር የሚባል የሕንፃ ባለሙያ ነበር። ክሬንከር ሐውልቶቹን ሲለካና ሲነድፍ ያነበባቸው እንደ ሕንፃ ንድፍ ነው፤ ጠርቡ የት እንደሚያልፍ፣ ግንዱ የት እንደሚቋረጥ ከድንጋዩ ላይ ለቀመ። የቡድኑ ሥራ በ1913 በአራት ጥራዝ ታተመ፤ ዛሬም ስለ አክሱም ሕንፃ የሚጽፍ ሰው የክሬንከርን ሥዕሎች ሳይገልጥ አያልፍም። ሐውልት የመቃብር ምልክት ነው፤ ነገር ግን ቤቶቹ ሲጠፉ የቤቶቹን አሠራር አስቀምጦ ያቆየው ያው የመቃብር ምልክት ሆነ።

ቀራጩ ግን ግልባጭ አልሠራም። በእውነተኛው ግድግዳ ጠርቡና ጉጡ በየጥቂት ክንዱ ይመጣል፤ በሐውልቱ ላይ የጉጥ ረድፉ በየፎቁ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። የቀረውን ትቶታል። ትልቁ ሐውልት አሥራ ሦስት ፎቅ አለው፤ በአክሱም ዘመን አሥራ ሦስት ፎቅ ቤት በጭቃና በእንጨት ያቆመ ሰው ነበር ብዬ አላምንም። ሐውልቱ ያለ ቤት መልክ ይዞ ያልነበረ ቤት ይሠራል። እውነት እንዲመስል ያደረገው ደግሞ ያ ትንሽ ነገር ነው፤ ክቡን ክብ፣ አራት ማዕዘኑን አራት ማዕዘን አድርጎ መተዉ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ሐውልቶቹ የወጡበት የድንጋይ ካባ ከከተማው በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጎበድራ በሚባለው ኮረብታ ላይ ነው። እዚያው አንድ ቋጥኝ ላይ የተቀረጸች አንበሳም አለች፤ እሷን ለማየት የሚሄድ ሰው ካባውን ሳያይ ባይመለስ ደግ ነው። ድንጋዩን ብዙ ሰው ግራናይት ይለዋል። ግራናይት ግን ኳርትዝ የሚባለው ጠንካራ ማዕድን የሞላበት ነው፤ የአክሱሙ ድንጋይ ሲሊካው ያነሰ፣ በኳርትዝ ፈንታ ፌልድስፓርና ኔፌሊን የያዘ ነው። የሥነ ምድር ሰዎች ኔፌሊን ሳይናይት ይሉታል። የሰሜኑ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባዛልት ጎርፍ ከተሸፈነ በኋላ፣ ከጥልቅ የተነሣ ሌላ ዓይነት ቅልጥ ዐለት ያንን ሰንጥቆ እየወጣ በየቦታው ረጋ። ዐድዋን የከበቡት ቀጥ ቀጥ ያሉ ተራሮች የዚያ ዘመድ ናቸው።

ይህ ለቀራጭ ምን ያደርጋል? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የረጋው ቀስ ብሎ ስለሆነ የማዕድኑ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው አድገዋል፤ ንጣፍ በንጣፍ የተከመረ አይደለም። ንብርብር ያለው ድንጋይ በአንድ አቅጣጫ ይታዘዛል፣ በሌላው ይፈረካከሳል፤ ይህኛው ግን አግድም ቢቀርጹት፣ ቀጥታ ቢቀርጹት፣ ክብ ቢያወጡበት እኩል ይመልሳል። የዝንጀሮ ራሱን ክብ ለማውጣት እንዲህ ያለ ድንጋይ ግድ ነው። ስንጥቆቹም ተራርቀው ስለሚገኙ 33 ሜትር የሚያህል ቁራጭ ሙሉውን ማውጣት ተችሏል። ሁለተኛ፣ ኳርትዝ ስለሌለው መሣሪያን ከግራናይት ያነሰ ይበላል። ያነሰ ነው ያልኩት፤ ቀላል አላልኩም። ፌልድስፓር ራሱ ከለስላሳ ብረት ይጠነክራል። በዚህ ድንጋይ ላይ መሮ እንደ እንጨት አይቆርጥም፤ ይቀጠቅጣል፣ ይፈጫል፤ ከዚያ ደግሞ የተቀጠቀጠው በሌላ ድንጋይና በአሸዋ መታሸት አለበት። በመስኮቶቹ ውስጥ የሚታየው ልስልስ ያለ ጀርባ የዚያ እሸት ውጤት ነው።

ካባው ላይ የሚቀረው ምልክት የሥራውን ጠባይ ከሐውልቱ በላይ ይናገራል። በቋጥኞቹ ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ ባለ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች አሉ፤ የሽብልቅ ማስገቢያ ናቸው። በአንዳንዱ ቋጥኝ ላይ ረድፉ ተቆፍሮ ድንጋዩ ሳይከፈል ቀርቷል። በሌላው ላይ ተከፍሎ የጉድጓዱ ግማሽ በአንዱ ወገን እንደ ጥርስ ተደርድሯል። ሽብልቁ ደረቅ እንጨት ሆኖ ውኃ ሲጠጣ እያበጠ ነው የከፈለው የሚሉ አሉ፤ በብረት ሽብልቅ ነው የሚሉም አሉ። የትኛውም ይሁን፣ ጥበቡ ያለው በእኩልነቱ ላይ ነው። ጉድጓዶቹ በጥልቀት ካልተካከሉ፣ ወይም አንዱ ሽብልቅ ከሌሎቹ ቀድሞ ከተገፋ፣ ስንጥቁ በክፉ እጅ እንደተቀደደ አቡጀዲ ከመስመሩ ይወጣል፤ የብዙ ወር ልፋትም በአንድ ጊዜ ፍርስራሽ ይሆናል። ባለሙያው ከአንዱ ሽብልቅ ወደ ሌላው እየተመላለሰ፣ የድንጋዩን ድምፅ እየሰማ፣ ሁሉንም እኩል ማጥበቅ ነበረበት። ጎበድራ ላይ ሳይከፈሉ የቀሩትን ረድፎች ሳስብ፣ አንዱ ባለሙያ ድምፁን ሰምቶ «ይህ ድንጋይ አይሆንም» ብሎ የተወው አለ ብዬ መገመት ደስ ይለኛል፤ ማስረጃ የለኝም፤ ግን መተውን የማያውቅ ባለሙያ ያን የመሰለ ሐውልት አያወጣም።

ትልቁ ሐውልት የሚያሳዝነው መውደቁ ብቻ አይደለም። በሥራው ከሁሉ የላቀው እሱ ነበር። በአራቱም ጎን ተቀርጿል፤ በሩም፣ ጉጡም፣ መስኮቱም እስከ ላይ ተጠናቋል። ከሦስተኛውና ከአራተኛው ምእት ዓመት (እ.ኤ.አ.) ሐውልቶች አንዱ ነው። ሲያቆሙት ወይም ካቆሙት ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ነው አርኪዮሎጂስቶቹ የሚያስቡት፤ ሲወድቅም ነፋስ መውጫ የሚባለውን መቃብር ግዙፍ ክዳን ድንጋይ መታ። ክዳኑ ራሱ ወደ 360 ቶን ይገመታል። የሐውልቱ ሥር በግልጽ ስለሚታይ ምክንያቱን መጠርጠር አይከብድም፤ ለመሬት ውስጥ የተተወው ያልተለሰለሰ ጫፍ 3 ሜትር ገደማ ነው። 30 ሜትር ወደ ላይ፣ 3 ሜትር ወደ ታች። ቀራጩ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ልኩን ያዘዘው ላይ ግን አለኝ። እያንዳንዱ ንጉሥ ከፊተኛው ንጉሥ የበለጠ ረጅም ሲፈልግ፣ ቁመት ከምድር በታች የተተወውን ሥር እየበላ ሄደ። ድንጋዩ ተሟልቶ ፊቱ ላይ ለሚታየው ነገር ሲሰጥ፣ ለማይታየው የተረፈው ጥቂት ሆነ።

አንድ ነገር ግን መውደቁ ያስተምረናል። እውነትም ሲያቆሙት የወደቀ ከሆነ፣ ቅርጹ ሁሉ ያለቀው ድንጋዩ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ ነው ማለት ነው። ይህን አስቡት። ቀራጩ የሚሠራው ወደ ሰማይ በሚያይ ገጽ ላይ ነው። ፀሐይ ከአናቱ ስትወርድ በተጋደመ ገጽ ላይ ወጣ ያለውም ገባ ያለውም ጥላ የለውም፤ ሁሉም እኩል ይነጣል። ሐውልቱ ሲቆም የሚወድቀውን ጥላ ዓይኑ አያየውም። በእጁ እየዳሰሰ፣ በገመድና በልክ እየተመራ፣ ቆሞ ሲታይ ምን እንደሚመስል በሐሳቡ ይዞ ነበር የሚሠራው። ድንጋዩንም ማገላበጥ ቀላል አልነበረም፤ አራት ፊት ነው ያለው።

ጥላ ያልኩት በዋዛ አይደለም። ከትንሽ ጥልቀት ያን ሁሉ ፎቅ የሚያወጣው ጥላው ነው፤ ለዚህም አክሱም ያለችበት ቦታ ይረዳል። አክሱም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 14 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይ በጣም ከፍ ትላለች። በመጋቢት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ፀሐይ በቀትር በደቡብ በኩል 76 ዲግሪ ላይ ትሆናለች። ወደ ደቡብ በሚያይ ቀጥ ያለ ፊት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ወጣ ያለ ጉጥ ቢኖር፣ ያን ጊዜ ጥላው 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። ከወጣበት አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ሚያዝያ ሲገፋ ፀሐይዋ ወደ አናት እየቀረበች ጥላው ከዚያም ይረዝማል። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ወደ 52 ዲግሪ ስትወርድ የዚያው ጉጥ ጥላ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ጉጥ ለየብቻው ጥርት ብሎ ይነበባል። ስለዚህ ቀራጩ ጥልቅ መቆፈር አላስፈለገውም። ድንጋዩን በጥቂቱ ከነካ ፀሐይ የቀረውን ትሠራለታለች። ጠንካራ ድንጋይ ላይ እያንዳንዷ ጣት ጥልቀት የስንት ቀን ሥራ እንደሆነች ላሰበ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዲግሪውን አስልተውታል አልልም። በየቤታቸው ግድግዳ ላይ የእንጨቱ ጉጥ ጥላውን ሲጥል ከልጅነታቸው ጀምረው ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ዓይናቸው ያውቀዋል።

በ1937 (እ.ኤ.አ.) የፋሺስት ጣሊያን ጦር በቁመት ሁለተኛውን ሐውልት ወስዶ ሮም ከተማ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ አቆመው። ስለ ዘረፋው ብዙ ተጽፏል፤ ተገቢም ነው። እኔ የምጨምረው የቀራጩን ወገን ይዤ ነው። ሮም 42 ዲግሪ ላይ ናት። ፊቱን በትክክል ወደ ደቡብ አዙረውት ቢሆን እንኳ፣ በመጋቢት ቀትር ያ 10 ሴንቲ ሜትር ጉጥ የሚጥለው ጥላ 11 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በታኅሣሥ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። በአክሱም ፀሐይ የተለካ ሥራ በሮም ፀሐይ ፊቱ ይደበዝዛል። እዚያ ያዩት የአውሮፓ ሰዎች ድንጋዩን አይተዋል፤ ሥዕሉን ግን ግማሹን ነው ያዩት።

ሐውልቱ በ2005 (እ.ኤ.አ.) በሚያዝያ ወር በሦስት ቁራጭ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተመለሰ። በ2008 ተተክሎ ተመረቀ። ሊተከልበት ያለውን መሬት አስቀድመው በመሣሪያ ሲመረምሩ ከሥሩ ያልታወቁ መቃብሮች እንዳሉ ስለተገነዘቡ፣ ሥራው እንደ ቀዶ ሕክምና በጥንቃቄ የሚሄድ ሆነ። ቀርቦ ለሚያይ ቁራጮቹ የተገናኙበት መስመር ይታያል። አልተደበቀም፤ በመሰለኝ አለመደበቁ ትክክል ነው። ጎረቤቱ የኢዛና ሐውልት ደግሞ ጥቂት ዘንበል ያለ ስለሆነ፣ በዚያ ሥራ ጊዜ እንዳይነቃነቅ ደግፈው አስረውታል። ድጋፉ ፎቶ ያበላሻል ብለው ያማረሩ ነበሩ። እኔ አላማረርኩም።

ሌላም ጥቂት ነገር አለ። የሐውልቶቹ አናት ላይ የሚስማር ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ከብረታ ብረት የተሠራ ሰሌዳ ተመትቶባቸው እንደነበር ይገመታል። ከሥራቸው ከተነጠፉት ድንጋዮች አንዳንዶቹ ላይ ጽዋ የሚመስሉ ጎድጓዳ ስፍራዎች አሉ፤ በአንዱ ዙሪያ የወይን ሐረግ ተስሏል። ሐረጉ ደግሞ ከላይ ካለው ቀጥ ያለ መስመር ሁሉ የተለየ፣ የሚጠማዘዝ እጅ ነው፤ ሌላ ባለሙያ ይመስለኛል። በከተማው ውስጥ ኢዛና በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ ያጻፈው ድንጋይ ቆሟል፤ መጻፍ ያውቁ ነበር። እነዚህ የተቀረጹ ትልልቅ ሐውልቶች ላይ ግን አንድም ፊደል የለም። የንጉሡም የቀራጩም ስም አልተጻፈም።

ለማየት የሚሄድ ሰው ወሩን ይምረጥ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለደቡቡ ፊት ጥሩ ነው፤ ቀትር ላይ ከበሩ ፊት ጥቂት ራቅ ብሎ መቆም ነው። የምሥራቁ ጎን ጠዋት፣ የምዕራቡ ከሰዓት በኋላ ነው የሚታየው፤ ይህ በየትኛውም ወር ይሠራል። ከሚያዝያ መገባደጃ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ገደማ ግን ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን ትሻገራለች። በሩ ያለበት ፊት ጥላ ውስጥ ይገባል፤ መስኮትና ጉጥ ተቀላቅሎ አንድ ግራጫ ይሆናል። በሰኔ የመጣ ጎብኚ ቀትር ላይ ብርሃን የሚያገኘው የኢዛናን ሐውልት ዞሮ ጀርባውን ሲያይ ነው። ሦስቱን ጎን ብቻ የቀረጹት ሰዎች ያንን ጎን ባዶ ነው የተዉት።